የኪራይ መኪና በእንግሊዝ፦ ቤተሰብ ይዞ ከዊንዘር እስከ ሶልዝበሪ

ቤተሰብ ይዞ የእንግሊዝን ትንንሽ ከተሞች ለማየት የኪራይ መኪና ከባቡርም ከአስጎብኚ አውቶቡስም ይሻላል። አንድ ነገር ብቻ መለየት ያስፈልጋል፦ መኪናው ከከተማ ወደ ከተማ መሄጃ እንጂ ከተማ ውስጥ መዞሪያ አይደለም። ይህን የለየ ቤተሰብ ተደስቶ ይመለሳል። ያልለየውን ግን ቤቱ ከገባ ከሳምንታት በኋላ የቅጣት ደብዳቤ ይከተለዋል።

እዚህ የሚገመገመው መስመር ከሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ይነሳል። ዊንዘርን፣ ኦክስፎርድን፣ የኮትስወልድስ መንደሮችን፣ ባዝንና ሶልዝበሪን አዳርሶ በስቶንሄንጅ በኩል ሂትሮው ይመለሳል። ከነመዞሪያው ወደ 300 ማይል ወይም 480 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ለስድስት ወይም ለሰባት ቀን ልክ ነው። በሦስት ቀን ልጨርሰው ያለ መንገድ እንጂ ከተማ አያይም። ለእኛ ደግሞ መስመሩ ሌላም ትርጉም አለው፤ ልዑል ዓለማየሁ ያረፈው ዊንዘር ነው፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ በስደት የኖሩት ባዝ ነው፤ ሁለቱም መንገድ ላይ ናቸው። ከዚህ በታች ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹም እንግሊዝ ውስጥ ምልክት ላይ እንደሚነበቡት ናቸው፤ 7:30 ማለት በእኛ ከጠዋቱ 1:30 ነው።

የትኛው መኪና

አከራዮች መኪናን የሚመድቡት በሰው ብዛት ነው፤ እናንተ ግን በሻንጣ ብዛት ምረጡ። አምስት ሰው ይይዛል የሚባለው የቮልስዋገን ጎልፍ ዓይነት መኪና የሻንጣ ቦታው 380 ሊትር አካባቢ ነው። አንድ ትልቅ ሻንጣና ሁለት የእጅ ሻንጣ ሲገባ ይሞላል። የዚያው መኪና ስቴሽን ዋገን ከ600 ሊትር በላይ ይይዛል፤ ሁለት ትልቅ፣ ሁለት ትንሽ ሻንጣና የሕፃን ጋሪ ይችላል። አራት ሆኖ ለሚጓዝ ቤተሰብ ምርጡ ይህ ነው፤ ከጎልፉ የሚረዝመው በጥቂት ሲሆን በስፋት ግን እኩል ነው። ስፋቱ ወሳኝ ነው። የእንግሊዝ የተለመደ የመኪና ማቆሚያ መስመር 2.4 ሜትር በ4.8 ሜትር ነው፤ ትልቅ ጂፕ መሰል መኪና እዚያ ውስጥ ገብቶ የኋላ በር ከፍቶ ልጅ ከወንበሩ ማውጣት ትግል ነው።

ባለ ሰባት መቀመጫው ብዙ ቤተሰብ ያታልላል። ሦስተኛው ረድፍ ሲዘረጋ ለሻንጣ የሚተርፈው ቦታ ከሁለት የእጅ ቦርሳ አይበልጥም። ስድስትና ሰባት ሰው ከነሻንጣው ከሆናችሁ የሚያዋጣው ባለ ዘጠኝ መቀመጫ ቫን ነው። እሱ ግን ቁመቱ ሁለት ሜትር ገደማ ስለሆነ ብዙ ፎቅ ያላቸው የመኪና ማቆሚያዎች አያስገቡትም፤ መግቢያው ላይ የተሰቀለውን የከፍታ ልክ ሳታነቡ አትግቡ፤ በአካባቢው ሜዳ ላይ ያለ ማቆሚያ ፈልጉ።

አውቶማቲክ ያዙ። ማንዋል መንዳት ብትችሉም ጭምር። መሪው በቀኝ ስለሆነ ማርሹን የሚቀይረው ግራ እጅ ነው፤ ፍሪሲዮን፣ ፍሬንና ነዳጅ ግን ቦታቸውን አይለውጡም። እግር የለመደውን ሲሠራ እጅ በር ይደበድባል፤ ይህ ሁሉ አደባባይ መግቢያ ላይ ሲመጣ ጭንቀት ነው። አውቶማቲክ በዋጋ ይበልጣል፤ በበጋ ወራት ቶሎ ስለሚያልቅም ከወራት በፊት አስይዙ። ማስያዣው ላይ የምታዩት ስም፣ ለምሳሌ ጎልፍ፣ «ወይም ተመሳሳይ» ከሚል ቃል ጋር ነው። የምትይዙት ምድብ እንጂ ሞዴል ስላልሆነ ስቴሽን ዋገን ከፈለጋችሁ ምድቡ ራሱ ስቴሽን ዋገን መሆኑን አረጋግጡ።

ካውንተር ላይ በትንሽ ጭማሪ ኤሌክትሪክ መኪና ቢያቀርቡላችሁ፣ የምታድሩበት ቤት የራሱ ቻርጀር ከሌለው እንቢ በሉ። መንገድ ላይ ያሉት ፈጣን ቻርጀሮች ውድ ናቸው፤ ልጆች የኋላ ወንበር ላይ ተርበው ወረፋ መጠበቅም ቀኑን ይበላል።

የልጅ ወንበር

እዚህ ላይ ቸልታ አይሠራም። በእንግሊዝ ልጅ 12 ዓመት እስኪሞላው ወይም ቁመቱ 135 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ፣ ከሁለቱ የቀደመው እስኪሆን ድረስ፣ የልጅ ወንበር ላይ መቀመጥ ግዴታው ነው። በቁመት የሚመደበውን አዲሱን ዓይነት ወንበር ከተጠቀማችሁ ልጁ ከ15 ወር በላይ እስኪሆን ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ ይቀመጣል። ቅጣቱ እስከ 500 ፓውንድ ሊደርስ ይችላል፤ ተጠያቂውም ነጂው ነው።

ከአሜሪካ የምትመጡ ልብ በሉ፦ የአሜሪካ የልጅ ወንበር የቱንም ያህል ውድ ቢሆን እንግሊዝ ውስጥ ሕጋዊ አይደለም። ወንበሩ ላይ በክብ ውስጥ የተጻፈ የ«ኢ» ፊደልና «አር 44» ወይም «አር 129» የሚል መለያ መኖር አለበት። ከጀርመን፣ ከስዊድን ወይም ከጣሊያን የምትመጡ የራሳችሁን ይዛችሁ መምጣት ትችላላችሁ። አከራዮች ለአንድ ወንበር በቀን ከ10 ፓውንድ በላይ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ለትልቅ ልጅ የሚሆን ባለ መደገፊያ ከፍ ማድረጊያ ወንበር እንደ ሃልፎርድስ ወይም አርጎስ ካሉ መደብሮች ገዝቶ መተው ብዙ ጊዜ ከሳምንት ኪራይ ይረክሳል። መደገፊያ የሌለው ዝቅተኛ መቀመጫ ግን ከ22 ኪሎ በላይ ለሚመዝንና ከ125 ሴንቲ ሜትር በላይ ለሆነ ልጅ ብቻ ነው። ሦስት የልጅ ወንበር ጎን ለጎን በተራ መኪና የኋላ ረድፍ ላይ አይገቡም፤ ሦስት ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ወደ ትልቁ ምድብ መሄድ ግድ ነው።

ካውንተሩ ላይ የሚሆነው

አብዛኛው ቅሬታ የሚወለደው እዚህ ነው። መነሻው ደግሞ «ኤክሰስ» ነው፤ መኪናው ቢጎዳ ኢንሹራንሱ ከመጀመሩ በፊት ከኪሳችሁ የምትከፍሉት ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ከ1,000 እስከ 2,000 ፓውንድ ይደርሳል። ካውንተሩ ላይ ያለው ሠራተኛ ይህን ወደ ዜሮ የሚያወርድ ተጨማሪ ሽፋን በቀን ሒሳብ ይሸጥላችኋል፤ የሳምንቱ ድምር አንዳንዴ ከኪራዩ ጋር ይቀራረባል። ከመምጣታችሁ በፊት ከሌላ ድርጅት ለብቻው የሚገዛ የኤክሰስ ኢንሹራንስ በጣም ይረክሳል፤ ሥራው ግን ይለያል። ጉዳት ቢደርስ አከራዩ መጀመሪያ ከካርዳችሁ ይወስዳል፤ እናንተ ደረሰኙንና የጉዳቱን ሪፖርት ልካችሁ ገንዘባችሁን ታስመልሳላችሁ። ስለዚህ ሁለት ሺህ ፓውንድ ለጊዜው ሊያጣ የሚችል ካርድ ያስፈልጋል ማለት ነው። ካርዱ ይህን የሚችል ከሆነ የውጭውን ግዙ፤ ካልቻለ የአከራዩን ክፈሉና በሰላም ንዱ።

የትኛውንም ስትገዙ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ጎማ፣ ቸርኬ፣ መስታወት፣ ጣሪያና የመኪናው ሆድ ተሸፍነዋል ወይ? መሠረታዊው ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ እነዚህን ያስቀራል። እንግዳ ነጂ እንግሊዝ ውስጥ የሚያበላሸው ደግሞ በአብዛኛው የግራ ጎማ፣ የግራ ቸርኬና የግራ ስፖኪዮ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በግራ መቀመጥ የለመደ ሰው ሰውነቱን መንገዱ ላይ የሚያስቀምጥበት ቦታ አለው፤ አሁን በቀኝ ተቀምጦ ያንኑ ቦታ ሲፈልግ መኪናው በሙሉ ወደ ግራ ይሳባል፤ ጠርዙን ይፈትጋል፤ የቆመ መኪና ስፖኪዮ ይገጫል። መድኃኒቱ የመንገዱን መሀል መስመር ከቀኝ ትከሻ አጠገብ እያዩ መንዳት ነው። ከጎን የተቀመጠው ሰውም «ግራ ቀረበ» ለማለት አይፈር።

ሰነድ፦ የዋናው ነጂ ስም ያለበት ክሬዲት ካርድ፣ ፓስፖርትና መንጃ ፈቃድ። ዴቢት ካርድ የማይቀበሉ ወይም ተጨማሪ ሽፋን ካልገዛችሁ የማይሰጡ አሉ። መንጃ ፈቃዱ በላቲን ፊደል ካልተጻፈ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ይጠይቃሉ። እዚያው እንግሊዝ የምትኖሩ ከሆነ ከመንጃ ፈቃድ ባለሥልጣኑ ድረ ገጽ የሚወጣ ኮድ ያስፈልጋል፤ ኮዱ የሚያገለግለው ለ21 ቀን ብቻ ስለሆነ አስቀድሞ ማውጣት ዋጋ የለውም። ከ25 ዓመት በታች ለሆነ ነጂ በቀን ጭማሪ አለ፤ ለሁለተኛ ነጂም እንዲሁ። ስሙ ውሉ ላይ የሌለ ሰው መሪ ከያዘ ኢንሹራንሱ ይፈርሳልና ባልና ሚስት ለመቀያየር ካሰባችሁ ጭማሪውን ክፈሉ።

መኪናውን ስትረከቡ በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ፦ አራቱን ቸርኬ አንድ በአንድ፣ የፊት መስታወቱን፣ ጣሪያውን፣ የፓራውልቱን የታች ጠርዝ፣ የነዳጁን ልክና የማይሉን ንባብ። ዝናብ ያረጠበው መኪና ጭረት ይደብቃል፤ በጨርቅ አብሳችሁ እዩ። ወረቀቱ ላይ ያልተመዘገበ ጭረት ካገኛችሁ ከግቢው ሳትወጡ አስመዝግቡ።

የሂትሮው አከራዮች ግቢ ተርሚናሉ ውስጥ አይደለም፤ ነፃ አውቶቡስ ያመላልሳል። ከአዲስ አበባ የሚነሳው የሌሊት በረራ ማለዳ ስለሚደርስ ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ወዲያው በግራ መንዳት ይጀምራል ማለት ነው። ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። መጀመሪያ ቀን ሆቴል ገብታችሁ ተኙ፤ መኪናውን በማግስቱ ጠዋት ከ9:00 በኋላ፣ የሥራ መግቢያው ግፊያ ሲቀንስ ውሰዱ።

መንገዱ ላይ

በግራ መንዳት ብዙ መኪና ባለበት አይከብድም፤ ፊት ያለውን መከተል ነው። የሚሳሳቱት ባዶ መንገድ ላይ ነው፦ ከማደያ ሲወጡ፣ ከእርሻ አጠገብ ፎቶ አንስተው ሲነሱ፣ ማለዳ ማንም በሌለበት። ከእያንዳንዱ ማቆሚያ ስትወጡ አንድ ሰው «ግራ» ብሎ ጮክ ይበል።

ፍጥነት በማይል ነው። ከተማ ውስጥ 30 (48 ኪሎ ሜትር)፣ ብዙ ሰፈሮች ደግሞ 20፤ አካፋይ የሌለው የገጠር መንገድ 60፤ አካፋይ ያለውና ሞተርዌይ (ፈጣን አውራ ጎዳና) 70 (113 ኪሎ ሜትር)። ነጭ ክብ ላይ ጥቁር ሰያፍ መስመር ካያችሁ የመንገዱ ዓይነት የሚፈቅደው ከፍተኛው ፍጥነት ተፈቀደ ማለት ነው። የኮትስወልድስ ጠባብ መንገድ ላይ ይህ ምልክት ተተክሎ በ60 መሄድ ግን እብደት ነው፤ ግራና ቀኙ አጥር፣ ከመታጠፊያው ወዲያ ትራክተር አለ። አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ መንገድ ላይ ማሳለፊያ ቦታው ለእናንተ የቀረበ ከሆነ እናንተ ቁሙ። ፊት ለፊታችሁ ያለው መብራት ብልጭ ካደረገ አብዛኛውን ጊዜ «እለፉ» ማለቱ ነው። እኛ አገር «መጣሁ፣ ዞር በል» ማለት ስለሆነ ይህ ልዩነት ያጋጫል። እናንተም «መጣሁ» ለማለት መብራት አታብሩ፤ ቅድሚያ የሰጣችኋቸው ይመስላቸዋል።

አደባባይ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ይዞራል፤ ቅድሚያ ከቀኝ ለሚመጣው ነው። ግራ ለመውጣት የግራውን መስመር፣ ቀኝ ለመውጣት የቀኙን ይዛችሁ በቀኝ ፍሬቻ ትገባላችሁ፤ መውጫችሁን ከመድረሳችሁ በፊት ያለውን መውጫ ስታልፉ የግራ ፍሬቻ። መውጫው ካመለጠ ደግማችሁ ዙሩ፤ ማንም አይቀየምም። ስዊንደን ውስጥ በ1972 የተሠራ፣ አምስት ትንንሽ አደባባዮች በስድስተኛው ዙሪያ የተደረደሩበት መጋጠሚያ አለ። ለነዋሪው ይሠራል፤ ለመጀመሪያ ሳምንት ነጂ ግን አይመከርም፤ ካርታው በስዊንደን መሀል ከመራችሁ መንገድ ቀይሩ።

የአሜሪካ ነጂ ቀይ መብራት ላይ ቆም ብሎ መታጠፍ ለምዷል። እንግሊዝ ውስጥ ቀይ ቀይ ነው፤ ወደ ግራም አይታጠፍም። ሞተርዌይ ላይ ከራስ በላይ በተሰቀለው ሰሌዳ ቀይ የ«ኤክስ» ምልክት ካያችሁ መስመሩ ዝግ ነው፤ ካሜራ ስላለ ቶሎ ልቀቁ። ስልክ በእጅ መያዝ 200 ፓውንድና ስድስት የቅጣት ነጥብ ነው፤ መብራት ላይ ቆማችሁም ቢሆን።

ነዳጅ። ቤንዚን መቅጃው አረንጓዴ፣ ናፍጣው ጥቁር ነው። አሜሪካ ውስጥ አረንጓዴ አብዛኛውን ጊዜ ናፍጣ ስለሆነ ከዚያ የመጣ ሰው እጁ ይሳሳታል፤ የተሳሳተ ነዳጅ ደግሞ በተራ የኪራይ ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ አይሸፈንም። ታንከሩ ክዳን ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። ተሳስታችሁ ከሞላችሁ ሞተሩን አታስነሱ፤ ካልተነሳ ታንከሩን ማጠብ ይበቃል፤ ከተነሳ ግን ፓምፑም መርጫውም ሊሄድ ይችላል። በ2025 ቤንዚን በሊትር 1.35 ፓውንድ አካባቢ ነበር፤ በመቶ ኪሎ ሜትር 6.5 ሊትር የሚጠጣ መኪና ለጠቅላላው መስመር ወደ 31 ሊትር፣ ማለትም 42 ፓውንድ ገደማ ይፈልጋል። ሞተርዌይ ዳር ያሉ ማደያዎች በጣም ይወደዳሉ፤ ቴስኮ፣ ሴንስበሪስና አዝዳ የሚባሉት ሱፐርማርኬቶች ያሏቸው ማደያዎች ይረክሳሉ። ሞተርዌይ ማረፊያው ሽንት ቤቱ ንጹሕና ነፃ ነው፤ መኪና ማቆም ግን ነፃ የሚሆነው ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው፤ ካሜራው ይቆጥራል።

ከተሞቹ

ዊንዘር ከሂትሮው ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ለመጀመሪያ ቀን መንዳት ልኩ ይህ ነው። ቤተ መንግሥቱ አብዛኛውን ጊዜ ማክሰኞና ረቡዕ ለጎብኚ ዝግ ነው፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ደግሞ እሑድ ለጎብኚ አይከፈትም። ስለዚህ ሰኞ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ ወይም ቅዳሜ ሂዱ። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ1879 በ18 ዓመቱ ሊድዝ ውስጥ ሲሞት የተቀበረው በዚህ ቤተ ጸሎት አጠገብ ነው፤ ውስጥ በስሙ የተቀመጠ የነሐስ ሰሌዳ አለ። ልጆቻችሁ ታሪኩን ሳያውቁ ቢያልፉት ያሳዝናል፤ ከመግባታችሁ በፊት መኪና ውስጥ ንገሯቸው።

ኦክስፎርድ መሀል መኪና ይዛችሁ አትግቡ። ሃይ ስትሪት ከ7:30 እስከ 18:30 ለአውቶቡስ ብቻ ነው፤ ማገጃ የለውም፤ ያለው ምልክትና ካሜራ ነው፤ ካርታችሁም ሁልጊዜ አያስጠነቅቅም። ከጥቅምት 2025 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በስድስት ቦታዎች ለሚያልፍ የግል መኪና የቀን 5 ፓውንድ ክፍያ ተጥሏል። ከሂትሮው በኤም 40 ሞተርዌይ ስትመጡ ከተማው ከመግባታችሁ በፊት ቶርንሂል የሚባለው ዳር ላይ ያለ ማቆሚያ አለ፤ መኪናውን እዚያ ትታችሁ አውቶቡሱ መሀል ከተማ ያወርዳችኋል። የሰሌዳ ቁጥሩን ማሽኑ ላይ ስታስገቡ አንድ ፊደል ከተሳሳተ እንዳልከፈላችሁ ይቆጠራል፤ ዜሮና «ኦ» ይመሳሰላሉና ከቁልፉ ማንጠልጠያ ላይ እያያችሁ ጻፉ።

ከኦክስፎርድ ኤ 40 በሚባለው መንገድ ወደ ምዕራብ 20 ማይል ሲኬድ በርፎርድ ይደረሳል፤ ከዚያ ወደ ቦርተን ኦን ዘ ዎተርና ወደ ቢበሪ መንገዱ ይከፈላል። የኪራዩ ገንዘብ የሚመለሰው እዚህ ነው፤ ቢበሪ ባቡር የለውም፤ አውቶቡሱም ጥቂት ነው። ሁለቱም ግን ትንንሽ ናቸው፤ ከረፋዱ 10:00 በኋላ አውቶቡስ ሙሉ ጎብኚ ይገባል፤ ማቆሚያ ይጠፋል። ከ9:00 በፊት ድረሱ። ቤዝ አድርጋችሁ ማደር ከፈለጋችሁ ሳይረንሴስተር ይሻላል፤ እውነተኛ ገበያ ያለው ከተማ ነው፤ ማቆሚያም ሱፐርማርኬትም አለው። ቸልተናም ልዑል ዓለማየሁ የተማረባት ከተማ ስለሆነች ለዚህ ሲባል ልትታለፍ አይገባም።

እነዚህ መንደሮች ውስጥ ምሳ የሚበላው ሰዓቱ ሳያልፍ ነው። ብዙ መጠጥ ቤቶች ወጥ ቤታቸውን ከቀኑ 14:30 አካባቢ ዘግተው ማታ ይከፍታሉ፤ የተራቡ ልጆች ይዞ 15:00 ላይ መድረስ ችግር ነው። ለጾመኛ እንግሊዝ ምቹ አገር ናት፤ ሜኑውና የሱፐርማርኬት ሳንድዊቹ ላይ «ቪጋን» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ፤ ከወተትም ከቅቤም ነፃ ነው። እሑድ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ስድስት ሰዓት ብቻ ስለሚከፍቱ ስንቁን ቅዳሜ ማታ ያዙ።

ባዝ የጉዞው ልብ ነች። የሮማውያኑ መታጠቢያና በ1767 እና በ1774 መካከል የተሠራው የሮያል ክሬሰንት የ30 ቤቶች ግማሽ ክብ የታወቁ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ከ1936 እስከ 1940 የኖሩበት ፌርፊልድ ሀውስ ግን ከመሀል ከተማው ወጣ ብሎ ኬልስተን ሮድ ላይ ነው፤ ቤቱን በ1958 ለከተማው አረጋውያን መገልገያ እንዲሆን ሰጡት። ሁልጊዜ ለጎብኚ ክፍት ስላልሆነ ከመሄዳችሁ በፊት የሚከፈትበትን ቀን ጠይቁ፤ የጉዞውን ቀኖችም በዚያ ዙሪያ አስተካክሉ እንጂ በተቃራኒው አይሁን። ባዝ ዳር ላይ ሦስት ማቆሚያዎች አሏት፦ ላንስዳውን፣ ኒውብሪጅና ኦድ ዳውን። ለፌርፊልድ የሚቀርበው ኒውብሪጅ ነው። ባዝ የአየር ብክለት ክፍያ ቀጠና ቢኖራትም የግል መኪና አይከፍልም፤ ስለዚህ ምልክቱን አይታችሁ አትደንግጡ። የአውቶቡስ ብቻ መንገዶቿን ግን ፍሩ።

ሶልዝበሪ ከባዝ በኤ 36 ወደ 40 ማይል ነው፤ መንገዱ ጠማማ ስለሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ልጅ የሚያጥወለውለው ከሆነ ከፊት ይቀመጥ። 123 ሜትር የሚረዝመው የካቴድራሉ ሾጣጣ ማማ በብሪታንያ ከሁሉም ይረዝማል፤ ከ1215ቱ ማግና ካርታ (የንጉሡን ሥልጣን ከገደበው ሰነድ) ከተረፉት አራት ቅጂዎች አንዱም እዚያ ይታያል። ከዚህ ሁሉ ከተማ ለመኪና የምትመቸው እሷ ነች፤ መሀሉ አጠገብ ሰፊ ማቆሚያ አላት።

ስቶንሄንጅ በመልስ መንገድ ላይ ይቆይላችሁ። ድንጋዮቹ ከጎብኚዎች ማዕከሉ ሁለት ኪሎ ሜትር ከግማሽ ስለሚርቁ አውቶቡስ ያመላልሳል፤ ለዚህ ሁሉ ሁለት ሰዓት ያዙ። ትኬት በሰዓት ስለሚሸጥ አስቀድማችሁ ግዙ። አጠገቡ የሚያልፈው ኤ 303 ጠባብ ሆኖ ብዙ መኪና ይሸከማል፤ ከሥሩ ዋሻ ይሠራል የተባለው ዕቅድ በ2024 ስለተሰረዘ ጭንቅንቁ አይለወጥም። የበጋ ዓርብ ከሰዓትንና ቅዳሜን ሽሹ።

ለንደንን በመኪና ማየት አይታሰብ። ከጥር 2026 ጀምሮ መሀሉ መግቢያ በቀን 18 ፓውንድ ነው፤ መኪና ማቆሚያው ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። መኪናውን ከመለሳችሁ በኋላ በባቡር ግቡ።

ሲመለስ

ከሂትሮው አጠገብ ያለ ማደያ ሞልታችሁ ደረሰኙን ያዙ። ታንከሩን ጎድሎ ከመለሳችሁት አከራዩ በራሱ ዋጋና በአገልግሎት ክፍያ ይሞላዋል። ቤተሰቡን መጀመሪያ ተርሚናል ልታወርዱ ካሰባችሁ የማውረጃ ክፍያ አለ፤ በ2025 6 ፓውንድ ነበር፤ በር ላይ የሚቀበል ሰው የለም፤ እስከ ማግስቱ እኩለ ሌሊት በድረ ገጽ ይከፈላል። ሁሉም ሻንጣውን ይዞ በአከራዩ አውቶቡስ ቢሄድ ክፍያው ይቀራል።

ቢሮው ሳይከፈት ቁልፍ ሣጥን ውስጥ ጥሎ መሄድ አይመከርም። ሠራተኛ እስኪያየው ድረስ መኪናው በእናንተ ኃላፊነት ሥር ነው፤ ሌሊት የተፈተገ በር በማን እንደሆነ ማስረዳት አይቻልም። ሠራተኛ አይቶ «ጉዳት የለም» የሚል ወረቀት ወይም ኢሜይል እስኪሰጣችሁ ጠብቁ፤ እንደ መጀመሪያው ቀንም ቪዲዮ ቅረጹ።

የከተማ አስተዳደር ቅጣት ከመጣ ቶሎ ለከፈለ በግማሽ ይቀንሳል። ደብዳቤው ግን መጀመሪያ የሚሄደው ለመኪናው ባለቤት ለአከራዩ ነው። አከራዩ የእናንተን ስም ይሰጥና ለዚህ ሥራው ብቻ ከካርዳችሁ የአስተዳደር ክፍያ ይወስዳል፤ ቅጣቱ ራሱ ከዚህ ውጭ ነው። ስለዚህ የማታውቁት የ30 ወይም የ40 ፓውንድ ተቀናሽ ካያችሁ ቅጣት እየመጣ ነው ማለት ነው፤ አከራዩን በኢሜይል የቅጣቱን ቁጥር ጠይቁ፤ ደብዳቤው አዲስ አበባ ወይም ዳላስ እስኪደርስ ሳትጠብቁ በድረ ገጽ ክፈሉ። የግል ማቆሚያ ድርጅት የሚልከው ደብዳቤ ደግሞ ሌላ ነው፤ ከፍላችሁ ከነበረ ደረሰኙን አያይዛችሁ መከራከር ይቻላል። ለዚህም የእያንዳንዱን ማቆሚያ ደረሰኝ ቢያንስ ለሦስት ወር አትጣሉ።